መርፌውን የያዘው እጅ

በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች 1500 ሜትር ፍጻሜ የፈጀው ጊዜ ከአራት ደቂቃ ጥቂት ይበልጣል። ውጤቱ እስኪጠራ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ወሰደ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በነሐሴ 2012 መስመሩን በመጀመሪያ ያለፉት ሁለት ቱርካውያት፣ አስሊ ቻኪር አልፕተኪንና ጋምዜ ቡሉት፣ ነበሩ። ሦስተኛዋ ትውልዷ አርሲ የሆነውና ለባሕሬን የምትሮጠው ማርያም ዩሱፍ ጀማል፣ አራተኛዋ ሩሲያዊቷ ታትያና ቶማሾቫ ነበረች። የኢትዮጵያን መለያ ለብሳ የሮጠችው የአዲግራቷ አበባ አረጋዊ አምስተኛ ወጣች፤ አምስተኛ ደግሞ ሰንደቅ ዓላማ አይሰቀልለትም። በ2015 የመጀመሪያዋ፣ በ2017 የሁለተኛዋ ውጤት በደማቸው መዝገብ ምክንያት ተሰረዘ። በመስከረም 2024 ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ከሞስኮ ላቦራቶሪ የተገኘ መረጃን መሠረት አድርጎ ቶማሾቫን ለአሥር ዓመት አገደ፤ የለንደን ውጤቷም ተሰረዘ። አምስተኛዋ አበባ እግሯን ሳታነሣ ሁለተኛ ሆነች።

ይህን ዜና የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ ተዘረፍን። እውነት ነው፣ ተዘርፈናል። ነገር ግን የዚያችው አትሌት ታሪክ ሌላ ምዕራፍ አለው፤ ያንን ምዕራፍ ስናነብ ድምፃችን ዝቅ ይላል። አበባ ከለንደን በኋላ ለስዊድን መሮጥ ጀመረች። በ2013 ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2014 ፖላንድ ሶፖት ላይ የቤት ውስጥ ዓለም ሻምፒዮናውን ጠቀለለች። በጥር 2016 ከውድድር ውጪ በተወሰደባት ናሙና ግን ሜልዶኒየም የተባለው የልብ መድኃኒት ተገኘ። ይህ በላትቪያ የተፈለሰፈ መድኃኒት በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚያው ወር መግቢያ ነበር። ታገደች። የሩሲያዋ የቴኒስ ኮከብ ማሪያ ሻራፖቫ በዚያው መድኃኒት መያዟን ለዓለም የተናገረችው ከዚህ ትንሽ ቆይቶ በመጋቢት ነው። በዚያው ሰሞን የ2015ቱ የቶኪዮ ማራቶን አሸናፊ የእኛው እንደሻው ንጉሤ ስምም ከዚሁ መድኃኒት ጋር ተነሣ። የአበባ እገዳ በሐምሌ ተነሣ፤ በናሙናዋ የተገኘው መጠን አነስተኛ ነበር፣ መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ የሚፈጀውን ጊዜም ሳይንሱ በቅጡ አላወቀውም ነበርና። ከዚያ ወዲህ ግን በዓለም ሻምፒዮና ሰገነት ላይ አላየናትም።

ያን ጊዜ እዚህ አገር የተባለውን አስታውሳለሁ። «እሷማ ስዊድናዊት ናት» ተባለ። ሥልጠናዋን እዚሁ ከእኛው ጋር የምታደርግ፣ እዚሁ የምትውል የምታድር ሴት በአንድ ጀንበር ባዕድ ሆነች። በ2024 ሜዳሊያው ሲመጣ ደግሞ እንደገና «የእኛ» ሆነች። ብሩን እንቀበላለን፤ እገዳውን ለስቶክሆልም እንልካለን ማለት ነው። ይህ የአንዲት አትሌት ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ አገራችን የያዘችው መንገድ ሁሉ ይህን ይመስላልና ነው።

ስለ ዶፒንግ በተነሣ ቁጥር የምንሰማቸው ድምፆች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ነጮች ቀኑብን» የሚለው ነው። በዚህኛው ላይ ብዙ ቀለም አላባክንም፤ ከአሜሪካዊው ላንስ አርምስትሮንግ ጀምሮ የነጮቹ የራሳቸው ጀግኖች በዚሁ ወንፊት ተነፍተው ወድቀዋል። አደገኛው ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም ጨዋ ይመስላል፣ ሕግ አክባሪም ይመስላል። «የተያዘ ይቀጣ፤ ዕድሜ ልኩን ይታገድ፤ ይታሰር፤ የአገርን ስም አጉድፏልና» ይላል። ባለሥልጣኑም፣ ጋዜጠኛውም፣ ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን የሚያማስለውም ይህን ሲል ጭብጨባ አያጣም። እኔ የምለው ግን ይህ ነው፤ ይህ ቁጣ ቅጣት ቢመስልም በእርግጥ ማምለጫ ነው። አትሌቷ ላይ በሩ በተዘጋ ቁጥር ከበስተኋላዋ የቆሙት ሰዎች በሌላው በር ቀስ ብለው ይወጣሉ።

ሕጉ ራሱ ለዚህ ማምለጫ ይመቻል። የዓለም ፀረ ዶፒንግ ሕግ መሠረት «በሰውነትህ ለተገኘው ተጠያቂው አንተ ነህ» የሚል ነው። ማን ሰጠህ፣ ማን ወጋህ፣ ታውቅ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ጥፋተኛነቱ ከተረጋገጠ በኋላ ቅጣቱ ሲመተር ነው። መርሑን አልቃወምም፤ እንዲህ ባይሆን ኖሮ ሁሉም «ሳላውቅ ነው» እያለ ነጻ በወጣ ነበር። ነገር ግን ያው ሕግ ለአትሌቱ የተወላቸው ቀዳዳዎችም አሉ። ጥፋቱን በሃያ ቀን ውስጥ ያመነና ቅጣቱን የተቀበለ ከአራት ዓመት እገዳ አንድ ዓመት ይቀነስለታል። መድኃኒቱን ያቀበለውን ለመያዝ የሚያበቃ መረጃ የሰጠም እገዳው በብዙ ሊቀልለት ይችላል። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ሆኖም የሕጉ ይፋዊ ቋንቋዎች እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። አሁን አንባቢ ያስብ፤ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ከአርሲ ወይም ከጎጃም ገጠር የመጣች የሃያ ዓመት ወጣት ያ ደብዳቤ ሲደርሳት ማን ያነብላታል? አሠልጣኟ። ማን ያስረዳታል? ማናጀሯ። ሃያዎቹን ቀናት የሚቆጥሩላት እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን ሊሰጡ የማይሹት እነርሱ ራሳቸው ቢሆኑስ? የእኛ «ይቀጣ» ባዮች ይህችን ጥያቄ አንሥተው አያውቁም።

ስለ ደም መዝገቡም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኢ.ፒ.ኦ. የሚባለው ኩላሊታችን የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ ያደርጋል። በፋብሪካ የሚመረተው ደግሞ ኩላሊታቸው ለደከመና ለደም ማነስ ሕሙማን የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ቀይ የደም ሴል ሲበዛ ኦክስጅን ይበዛል፤ ኦክስጅን ሲበዛ ሯጩ አይደክምም። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ ያለ መርፌ በብዙ ወራት የሚገኘውን መርፌው በሳምንታት ይሰጣል። መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለሚጠፋ ሽንትና ደም ብቻ መርምሮ መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህም የብስክሌት ማኅበሩ በ2008፣ አትሌቲክሱም በማግስቱ ዓመት የአትሌቱን ደም ለዓመታት እየመዘገበ የሚያነጻጽር «ፓስፖርት» ጀመሩ። የሄሞግሎቢኑና የአዳዲሶቹ ቀይ ሴሎች መጠን ተፈጥሮ በማያውቀው መንገድ ከወጣና ከወረደ ሊቃውንቱ ይፈርዳሉ። ብልህ ዘዴ ነው። ግን ልብ ይባል፤ ፓስፖርቱ የሚያሳየው ደሙን ነው፤ መርፌውን የያዘውን እጅ አያሳይም። ምን እንደ ተወሰደ እንኳ በስም አይናገርም። ስለዚህ በፓስፖርት የተያዘች አትሌት ፋይል ሲዘጋ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁሉ ሳይነኩ አብረው ይዘጋሉ፤ ከላቦራቶሪው ውጪ ያለ ሌላ ሰው ካልከፈታቸው በቀር።

የጸሐይ ገመቹን ጉዳይ እንመልከት። በ2019 ራባት ላይ በአፍሪካ ጨዋታዎች 10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያገኘች፣ በዚያው ዓመት ዶሃ ላይ በዓለም ሻምፒዮና 5 ሺህ ሜትር አራተኛ የወጣች፣ በመጋቢት 2023 በቶኪዮ ማራቶን 2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ገብታ ሁለተኛ የሆነች ሯጭ ናት። በኅዳር 2023 መጨረሻ በደም ፓስፖርቷ ምክንያት ታገደች፤ ቅጣቱ አራት ዓመት ሆነ፣ ከመጋቢት 2020 ወዲህ ያስመዘገበችው ውጤትም ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ቡዳፔስት ላይ በ3 ሺህ መሰናክል አራተኛ የወጣችው ዘርፌ ወንድማገኝ ደግሞ በኢ.ፒ.ኦ.ና በቴስቶስትሮን አምስት ዓመት ተቀጣች። ሁለቱም በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ናቸው። የሁለቱም ስም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጥቷል። እስቲ አንባቢ ከእነዚህ ፋይሎች ጋር ተያይዞ የአንድ ሐኪም፣ የአንድ ፋርማሲ፣ የአንድ ማናጀር ስም ሰምቷል? ሰው ከሌለበት አልሰማም፤ ካለበትም አልሰማም። ሁለቱን መለየት የማንችል መሆናችን ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

እኔ የምኖርበት መካኒሳ የስፖርት መንደር አይደለም። ሰው የሚያውቀው በአልኮል ፋብሪካው፣ በመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪው፣ በመስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤትና ጠዋት ጠዋት ከጀርመን አደባባይ ጀምሮ በሚቆመው የመኪና ሰልፍ ነው። ሆኖም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አስፋልቱ የሯጮች ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ ክለብ ለመግባት የሚታገል የሰፈሬ ልጅ፣ ባለፈው ጊዜ አንድ ካርቶን ይዞ ደጄ መጣ። ሰፈሩ «ዶክተር» እያለ ስለሚጠራኝ ሐኪም እመስለዋለሁ። «ዶክተር፣ ይቺን ያንብቡልኝ እስቲ» አለኝ። የእኔ ዶክትሬት መድኃኒት የማያዝ ዓይነት መሆኑን ነገርኩት፤ «ግድ የለም፣ እንግሊዝኛውን ነው» አለ። የብረት ማዕድን መርፌ ነበር። ደም ማነስ እንዳለበት መርምሮ የነገረው ሐኪም የለም፤ «ቫይታሚን ነው፣ ጉልበት ይሰጣል» ብሎ የሰጠው አብሮት የሚሮጥ ታላቁ ነው፤ ለታላቁ የሰጠውን አያውቅም። የብረት መርፌው ራሱ በተከለከሉት ዝርዝር ላይ የለም፤ ነገር ግን በደም ሥር ሲሰጥ መጠኑና ዘዴው ሕግ አለው፣ ከዚያም በላይ ኢ.ፒ.ኦ. የሚወጉ ሰዎች አብረው የሚወስዱት ነው። ልጁ ይህን አያውቅም። «የት ተገዛ?» ስለው በእጁ ወደ ዋናው መንገድ አመለከተኝ። ወረቀት ጠይቀውት እንደሆነ ስጠይቀው ሳቀብኝ። የሳቀው ደግሞ እውነቱን ነው፤ በዚህ ከተማ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንቲባዮቲክ ያልገዛ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጁ በ2019 እንደገና ሲወጣ ማዘዣ የሚሻን መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥን አልፈቀደም፤ የሚፈቅደው መንገዱ ነው።

ይህ ልጅ ነገ ክለብ ቢገባ፣ ከነገ ወዲያ ውጭ አገር ቢሮጥ፣ በሦስተኛው ቀን ቢያዝ በቴሌቪዥን የምናየው የእርሱን ፊት ነው። ታላቁን አናይም፤ ከታላቁ በስተኋላ ያለውን ደግሞ ጨርሶ አናይም።

ሙያዬ ማስተማር ነውና አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ፈተና ስንጠብቅ ተማሪዎች «አጤሬራ» የሚሉትን ብጣሽ ወረቀት እንይዛለን። ፊደሉ ከጤፍ ቅንጣት ያንሳል። በእጅ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ከግቢው አጥር ማዶ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳንሶ ያተመው ነው፤ ፈተና በደረሰ ቁጥር ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ተማሪው ይባረራል። ፎቶ ኮፒ ቤቱ በሚቀጥለው ሰሚስተር ሁለተኛ ማሽን ይገዛል። በየዓመቱ «የኩረጃ ቁጥር ጨመረ» እያልን ስብሰባ እንቀመጣለን፤ ሻይና ኬክም ይቀርባል።

ብስክሌቱ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ብስክሌት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል፤ የመቀሌው ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የሮጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የምጠቅሰው ግን ላንስ አርምስትሮንግን ነው። ይህ ሰው ከካንሰር ድኖ ከ1999 እስከ 2005 ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በመቶ የሚቆጠር ምርመራ አልፎ «አንድም ጊዜ አልተያዝኩም» እያለ ይፎክር ነበር። የጣለው ላቦራቶሪ አልነበረም፤ ሰው ነው። የአሜሪካ ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ በጥቅምት 2012 ባወጣው ውሳኔ 26 ምስክሮች ቃላቸውን ሰጥተዋል፤ 15ቱ ብስክሌተኞች፣ ከእነርሱም 11ዱ የገዛ ቡድኑ ጓደኞች ናቸው። ማስረጃው ከአንድ ሺህ ገጽ በላይ ነው። በመስከሩት ጓደኞቹ ላይ ቅጣቱ ቀለል ተደርጎ ስድስት ወር ሆነ፤ እውነት ዋጋ ተከፈለላት።

እኔን የሚማርከኝ ግን የአርምስትሮንግ መውደቅ ሳይሆን ውሳኔው በአንድ ሰው ላይ አለማቆሙ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ሚኬሌ ፌራሪ፣ የቡድኑ ሐኪሞች ሉዊስ ጋርሲያ ዴል ሞራልና ፔድሮ ሴላያ፣ አሠልጣኙ ፔፔ ማርቲ፣ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ዮሃን ብሩኔል፤ ሁሉም በስማቸው ተከሰሱ። ፌራሪና ዴል ሞራል ዕድሜ ልክ ታገዱ። ብሩኔል በ2014 አሥር ዓመት ሲፈረድበት ይግባኝ አለ፤ የግልግል ፍርድ ቤቱ በ2018 ቅጣቱን ዕድሜ ልክ አደረገበት። ሴላያም እንዲሁ ዕድሜ ልክ፤ የማርቲ ደግሞ ከስምንት ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከፍ አለ። ቡድኑን ይደግፍ የነበረው የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስለሆነም የሕዝብ ገንዘብ በማጭበርበር ክስ ተመሠረተ፤ አርምስትሮንግ በ2018 አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አሜሪካኖቹን ለማወደስ ይህን አልጻፍኩም፤ እነርሱም ቢሆኑ ለዓመታት አይተው እንዳላዩ ሆነዋል። የጻፍኩት፣ ብስክሌተኛውን የሚገፋው ፔዳል ብቻ እንዳልሆነ ካወቁ በኋላ እስከ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድረስ ስለሄዱ ነው።

እኛ ዘንድስ የሕዝብ ገንዘብ የለም? መቻል የመከላከያ ነው። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ክለብ ስሙ ይናገራል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የመንግሥት ባንክ ነው። አሠልጣኙ፣ የክለቡ ሐኪም፣ የቡድን መሪው ደመወዛቸው ከግብር ከፋዩ ኪስ የሚወጣ ናቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የስፖርት ገጽ ወሬ አይደለም፤ የመንግሥት ተጠያቂነት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ የማነሣውም ለዚሁ ነው። በአገራችን ጥፋት ሁልጊዜ ወደ ታች ይፈሳል። ገንዘብ ሲጎድል ገንዘብ ያዡ ይታሰራል፣ ኃላፊው ይዛወራል። ሕንፃ ሲደረመስ ፎርማኑ ይፈለጋል፣ ፈቃዱን የፈረመው አይፈለግም። አትሌቷ በዚህ ሰልፍ መጨረሻ ላይ የቆመች ናት፤ ከእርሷ በታች ጥፋቱን የምታስተላልፍለት ሰው ስለሌለ ተሸክማው ትቀራለች።

መንግሥት ምንም አላደረገም አልልም። በመጋቢት 2016 የዓለም አቀፉ አትሌቲክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሰባስቲያን ኮ ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር «አሳሳቢ» ከተባሉት አምስት አገሮች ተርታ ካስቀመጠ በኋላ ፀረ ዶፒንግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ኋላም ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሆነ። ከ2019 ጀምሮ አትሌቶቻችን ለዓለም ሻምፒዮናና ለኦሊምፒክ ከመሰለፋቸው በፊት ባሉት አሥር ወራት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ከውድድር ውጪ መመርመር አለባቸው። ይህን ያልፈጸሙ አሥር ናይጄሪያውያን በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሳይወዳደሩ መቅረታቸውን አንርሳ። ሥልጠናው፣ ፖስተሩ፣ የመግለጫው ጋጋታ ሁሉ ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ግን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ይህ ሁሉ ዝግጅት ወደ አትሌቷ ክንድ የሚያመለክት ጣት ነው። ናሙናው የእርሷ፣ አድራሻዋን በየቀኑ የምትሞላው እርሷ፣ ስብሰባ ተጠርታ «አደራ» የምትባለው እርሷ። አገር እንደ አሳሳቢ የተመዘገበችው ግን በአንዲት ልጅ ክንድ ምክንያት አይደለም፤ በዙሪያዋ ባለው ነገር ነው።

«ትልቅ ሰው ናት፤ ታውቃለች፤ ገንዘቡን የበላችው እርሷ ናት» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው፤ አንዳንዷ በደንብ ታውቃለች፣ አንዳንዷ ራሷ ፈልጋ አግኝታዋለች። ምሕረት ይደረግላት አላልኩም። አራት ዓመቱ አራት ዓመት ይሁን። ድኻ ሁሉ አይሰርቅም፤ ከበቆጂ ወጥተው ያለ መርፌ ዓለምን ያንበረከኩ እናቶች እያሉን ድህነትን ሰበብ ማድረግ እነርሱን መሳደብ ነው። ነገር ግን የምትቆረቆሩት ለንጹሕዋ ሯጭ ከሆነ፣ ለዚያች አምስተኛ ለወጣችው፣ እንግዲያው ቀጥሉና አስቡት። አንዷ ተቀጥታ ሄደች። አቅራቢው አለ። ደንበኛ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ዓመት ያቺው ንጹሕ ሯጭ በመነሻው መስመር ላይ ከጎኗ የምታገኘው የእርሱን አዲስ ደንበኛ ነው። አበባ ለንደን ላይ የደረሰባትን አሁን ሱሉልታ ላይ በልምምድ ውድድር እየደረሰባት ያለች ልጅ ትኖር ይሆናል፤ ያቺ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃ የምታገኘው ሜዳሊያ የላትም፤ የክለብ ማጣሪያ ሜዳሊያ የለውም፤ ያመለጣት ክለብ አመለጣት። አገሯ ገብታ ታገባለች፣ እርሻ ትመለሳለች፣ ወይም ወደ አረብ አገር ትሄዳለች። ስሟን ማንም አይመዘግብም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣኑ አንድ አትሌት በታገደ ቁጥር ከእገዳው ዜና ጋር አብሮ፣ አሠልጣኙና የክለቡ ሐኪም ተጠይቀው እንደሆነ፣ ከተጠየቁም ምን እንደ ተወሰነ ይንገረን። ስም መጥቀስ ባይችል «ሁለት ሰዎች ተመርምረዋል፤ አንዱ ነጻ ወጥቷል» ማለት አያቅተውም። ፌዴሬሽኑ የማናጀሮችን ፈቃድ ሲያድስ ባለፉት ዓመታት ከእጃቸው ስንት አትሌት እንደ ታገደ ይመልከት። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ደግሞ ኢ.ፒ.ኦ. የሚያስመጡት ጥቂት እንደሆኑ፣ የኩላሊት እጥበት የሚሰጡት ማዕከላትም የሚቆጠሩ እንደሆኑ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ ምን ያህል ብልቃጥ ገብቶ ምን ያህሉ ሕሙማን ዘንድ እንደ ደረሰ ማመሳከር የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ እንጂ የሮኬት ሳይንስ አይደለም። የታገደችው ልጅም በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ አሠልጣኟ በሌለበት፣ በመንግሥት ወጪ ከጠበቃ ጋር ተቀምጣ «ማን ሰጠሽ?» ትባል።

የጸሐይ ገመቹ እገዳ በኅዳር 2027 መጨረሻ ያበቃል። ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላት ቀናት ይቀሯታል፤ ለማራቶን ሯጭ ገና ነው፣ ትመለስ ይሆናል። በመካከሉ ግን ባለሥልጣኑ ይህን ጥያቄ ጠይቋት ከሆነ ያገኘውን ይንገረን፤ ካልጠየቃትም ጊዜ አለው፤ አድራሻዋን አያጣውም፤ በየቀኑ ስታስመዘግብ የኖረችው ለእነርሱው ነውና።